«እናውቀዋለን» ያልነው ልጅና ሲቪ የምትተይበዋ እህት



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው። «ደሴ ውስጥ የአይቲ ሰው አይገኝም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የግል ትምህርት ቤት ያለው ይለዋል፣ ክሊኒክ የከፈተው ይለዋል፣ ጅምላ ነጋዴውም ይለዋል። በሌላ በኩል ከዐስር በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ላይ የሚጠብቁን ወጣቶች «ኡስታዝ፣ ተመርቀን ቁጭ ብለናል፤ ዱዓ አድርጉልን» ይሉናል። ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ከተማ ውስጥ ነው። አንዳንዴ እንዲያውም አንድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ። ታዲያ ለምን አይገናኙም? እኛ መልሱን ያገኘነው ከስረን ነው። እናንተ ሳትከስሩ ታገኙት ዘንድ እነሆ።

መስጂዳችን የሚያስተዳድረው መድረሳ አለ። ቁርኣኑንም የቀለም ትምህርቱንም አንድ ላይ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ከ600 በላይ ናቸው። ምዝገባው፣ ወርሃዊ ክፍያው፣ ውጤቱ፣ የየቲሞች ድጋፍ ዝርዝር ሁሉ ለዓመታት በደብተር ሲያዝ ኖሮ ኋላ ላይ ወደ ኤክሴል ተዛወረ። ፋይሉ እየበዛ፣ ኮምፒውተሮቹ እየተበላሹ፣ ወላጅም «ከፍያለሁ እኮ» እያለ መሟገት ሲጀምር ኮሚቴው አንድ የአይቲ ሠራተኛ ይቀጠር ብሎ ወሰነ። የኢማማችን ረዳት በመሆናችን ማስታወቂያውን የማውጣትና ሰው የመለየት ኃላፊነት በእኛ ላይ ወደቀ።

ማስታወቂያውን እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ በአይቲ ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው፣ 3 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት። እውነቱን ለመናገር ከሌላ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ የገለበጥነው ነው። 3 ዓመት ለምን እንዳስፈለገ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነም አንድ መስመር አልጻፍንም። በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው፣ በቴሌግራምም አሰራጨነው።

በ10 ቀን ውስጥ 74 ሲቪ መጣ። ስናያቸው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ዙሪያቸውን ያለው መስመር አንድ፣ ቃላቸው አንድ፦ «በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫና የምቋቋም፣ ታማኝ»። አንዱ ላይ እንዲያውም ሁለተኛው ገጽ የሌላ ሰው ስም ይዞ ቀርቷል። ለካ አብዛኞቹ የተተየቡት ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። የዚያን ቀን ሳቅን። ያ ሳቅ በኋላ ዕዳ ሆኖብናል።

74 ሰው እንዴት ይለያል? ያደረግነው ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ነው። «ይሄ የማን ልጅ ነው? ያን ሰፈር የሚያውቅ አለ?» ተባለ። ከሲቪዎቹ መካከል ፈጅር የማያመልጠው፣ አደቡ ያማረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር አንድ ልጅ አገኘን። ልምድ ባይኖረውም «እሱን እናውቀዋለን፤ ለእሱ እኛ ዋስ ነን» አልን። ኮሚቴው ቃላችንን አመነ፤ ልጁም ተቀጠረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ አልሰረቀም፣ አላረፈደም፣ አልዋሸም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን አያውቀውም። እኛ ደግሞ አልጠየቅነውም። «አላውቅም» እንዳይል የእኛ ዋስትና ከበደው። ሰባት ወር ያህል እያብላላ ቆየ። አንድ ቀን ጠዋት መረጃው ሁሉ ያለበትን የውጭ ሃርድ ዲስክ ሲከፍት ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አገኛቸው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር የታወቀ ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነበር። እሱ ግን ደነገጠ፤ ዲስኩን ፎርማት አደረገው። ሌላ ቅጂ አልነበረም። የ4 ዓመት መዝገብ በአንድ ጠዋት ሄደ።

ልጁ በነጋታው አልመጣም። ስልኩን ዘጋ። ይባስ ብሎ ከመስጂድም ቀረ። የመዝገቡ ነገር ይቅር፤ ፈጅር ላይ ቦታው ባዶ ሆኖ ስናየው ልባችን ተሰበረ። በእኛ «እናውቀዋለን» ምክንያት አንድ ወጣት ከአላህ ቤት አፍሮ ቀረ።

ዲስኩን ይዘን ብዙ ቦታ ዞርን። አንዱ «አበቃለት» አለን፤ ሌላው ፕሮግራም ልጫንበት አለ። በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤ ለማስተየብ ያቺ ፒያሳ ያለች ጽሕፈት ቤት ገብተን ተራ ስንጠብቅ የሱቁን ባለቤት ስለ ዲስኩ አማከርነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ የምትተይበው ሒጃብ የለበሰች እህት ጣቶቿን አቆመች።

«ኡስታዝ፣ ፎርማት ከተደረገ በኋላ አዲስ ነገር ተጽፎበታል?»

«አልተጻፈም።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ማንም እንዳይነካው። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ከተደረገ የጠፋው ማውጫው ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። አዲስ ጽሑፍ ካልደረበበት አብዛኛውን ማውጣት ይቻላል።»

ሁለት ሌሊት ፈጀባት። ከ4ቱ ዓመት መዝገብ የ3ቱን አወጣችው። የቀረውን ከደረሰኝ ጉርድ ላይ ከዒሻ በኋላ እየተሰበሰብን ለሦስት ሳምንት መልሰን ጻፍነው። ሥራው ሲያልቅ ጠየቅናት፦

«እህቴ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ መድረሳው ሰው ሲፈልግ ለምን አላመለከትሽም?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አመልክቼ ነበር፣ ኡስታዝ» አለች።

ቢሮ ተመልሰን የድሮውን ፋይል አወጣን። ሲቪዋ አለ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቃለች። በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ «ልምድ የለም» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የራሳችን ነው። ያን የእኛን ልጅ በልምድ ሳንጠይቀው እሷን በልምድ ጣልናት። የአብዛኛውን ሰው ሲቪ ስትተይብ የከረመችው ልጅ የራሷን ሲቪ የሚያነብላት አላገኘችም።

በዚያ ሌሊት አንድ የምናውቀው ታሪክ ትዝ አለን። ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ከግብፅ ሸሽቶ መድየን ሲደርስ ማንም አያውቀውም ነበር። ምስክር የሚሆነው ዘመድ የለውም፤ ወረቀትም የለውም። ሁለቱ እህትማማቾች ግን መንጋቸውን ሲያጠጣላቸው አዩት። በሱረቱል ቀሶስ እንደምናገኘው አንደኛዋ ለአባቷ እንዲቀጥረው ስትጠይቅ ያነሳችው ሁለት ነገር ነው፦ ብርታቱንና ታማኝነቱን። ይህን ታሪክ ለስንት ዓመት ለልጆች አስተምረናል! ግን ምስክርነቷ የመጣው ሥራውን ካየች በኋላ መሆኑን ልብ አላልንም። እኛ የቀጠርነው ልጅ ታማኝ ነበር፤ ብርታቱን ግን አላየንም። «እናውቀዋለን» ስንል የምናውቀው ሶላቱን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ዋስትና ሸሃዳ ነው፤ ባላየነው ነገር መሰከርን።

ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ስንፈልግ መንገዱን ቀየርን። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ንግድ ያላችሁ ሁሉ ትጠቀሙበት እንደሆነ በዝርዝር እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍነው። ዲግሪና የዓመት ቁጥር ከመደርደር ሥራውን ዘረዘርን፦ 9 ኮምፒውተርና 2 ፕሪንተር መጠገን፣ የ600 ተማሪ መዝገብ መያዝ፣ በየሳምንቱ ቅጂ ማስቀመጥ፣ መምህራንን ማሠልጠን። ደመወዙንም ቁርጥ አድርገን ጻፍን። «በስምምነት» ማለት በትንሽ ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ልናሳንስህ ነው» ማለት እንደሆነ ወጣቶቹ ያውቁታል፤ ጥሩ ጥሩዎቹ እዚያው ላይ ይተውታል።

ሁለተኛ፣ እስኪመጡ አልጠበቅንም፤ ሄድን። የትልቅ ከተማ ቀጣሪ ማስታወቂያ ለጥፎ መቀመጥ ይችል ይሆናል። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ግን ባለሙያው «የአይቲ ባለሙያ» የሚል ታፔላ ሥር አይገኝም። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይተይባል። ሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ቦርድ ይበይዳል። የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ከ5ኛ ክፍል ልጆች ጋር «ማውስ ማለት» እያለ ይውላል። አንዳንዱ ቤተሰቡ ቤት በአንዲት ላፕቶፕ ለነጋዴዎች የቴሌግራም ቦት ይሠራል። አንዳንዷ አግብታ፣ ወልዳ፣ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራንንም አነጋገርን። «ማን ከፍተኛ ውጤት አመጣ?» አላልናቸውም። «ላብራቶሪ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ ተማሪው ማንን ነው የሚጠራው?» ብለን ጠየቅን። ይህችን ጥያቄ ያዟት። ሁሉም መምህር ሳያመነታ አንድ ስም ይጠራል።

ሦስተኛ፣ በሥራ ፈተንናቸው። 14 ሰው መጣ። ከኮምቦልቻ ለመጡት የትራንስፖርት ሰጠን፣ ለሁሉም ምሳ አቀረብን። ስማቸውን በቁጥር ተካነው፤ ወረቀቱን የሚያርመው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ እንዳያውቅ ነው። ፈተናው ሦስት ነበር።

የመጀመሪያው ሆን ብለን ያበላሸነው ኮምፒውተርና የማይታዘዝ ፕሪንተር ነው። የፕሪንተሩ ችግር የተነቀለ ገመድ ብቻ ነበር። ገመዱን ሳያዩ ዊንዶውስ ሊጭኑ የተነሱ አሉ።

ሁለተኛው 200 መስመር ያለው የተማሪ ስም ዝርዝር ነው። «ድግግሞሹን አጥሩና እውነተኛው የተማሪ ቁጥር ስንት እንደሆነ ንገሩን» አልን። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአማርኛ «ሙሐመድ» በስንት መልክ ይጻፋል? ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሙሃመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ። ሐሰን አለ፣ ሀሰን አለ፣ ሃሰን አለ። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፊደል ሌላ ሰው ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው በመድረሳ መዝገብ ላይ ሙሉ ዓመት ቢሠራ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ አንድ የቲም ደግሞ ከዝርዝር ይወጣል። አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩ የሰጣቸውን ቁጥር ብቻ አመጡ። አንዳንዶቹ የሚመሳሰለውን ሁሉ ሰርዘው መጡ። ቁጥር 6 የተባለችው ተፈታኝ ግን ፊደሎቹን አስቀድማ ወደ አንድ መልክ መልሳ ከቆጠረች በኋላ ሁለት ስሞችን በቢጫ አቅልማ ተወቻቸው። ሥራቸውም «ስማቸው፣ የአባታቸውና የአያታቸው ስም አንድ ነው፤ ወላጅ ሳይጠየቅ አልሰርዝም» ብላ ጻፈች። እኛ ዝርዝሩን ስናዘጋጅ ሁለቱ የተለያዩ ልጆች መሆናቸውን እናውቅ ነበር። ብርታትና አማና በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ሦስተኛው ፈተና ደግሞ ባክአፕ ምን እንደሆነ ለገንዘብ ያዣችን ለሐጂ ማስረዳት ነው። ሐጂ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው፤ ከስልክ ጋር ያላቸው ግንኙነት «ሃሎ» ላይ ያበቃል። አብዛኞቹ ስለ ሰርቨርና ስለ ክላውድ ነገሯቸው። አንድ ሞባይል ጥገና ሱቅ የሚሠራ፣ ከኮሌጅ በደረጃ 4 የተመረቀ ልጅ ግን እንዲህ አላቸው፦

«ሐጂ፣ የሱቅዎ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ አንዱን አስቀርጬ ቤት አስቀምጫለሁ።»

«ለምን ሁለቱንም ኪስዎ አልያዟቸውም?»

«ኪሴ ቢጠፋሳ፣ ልጄ!»

«ባክአፕ ማለት እሱ ነው ሐጂ።»

ሐጂ እየሳቁ «ይሄን ልጅ ቅጠሩልኝ» አሉ።

ቁጥር 6 ማን እንደሆነች ሲገለጥ ያቺው ጽሕፈት ቤት ያለችው እህታችን ሆነች። እሷ በዋናነት፣ የሞባይል ጥገናው ልጅ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀጠሩ። ይህም ያለ ክርክር አልሆነም። ከኮሚቴው አንዱ «ነገ አግብታ ብትሄድብንስ?» አሉ። ኢማማችን «ያኛውን ልጅ ስትቀጥሩ ታገባለህ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁታል?» ብለው መለሱ። ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ አንድ ነገር እንጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። ተጠቀሙበት። እኛ ለመጀመሪያው ልጅ ያን ጊዜ በትክክል ብንጠቀምበት ኖሮ «ይህን አታውቅም፤ ተማር» ወይም «ሌላ ሥራ ይሻልሃል» ብለን በክብር እንሸኘው ነበር። ሰውን በጊዜ እውነቱን መንገር እዝነት ነው፤ ዝም ብሎ አክብሮት ማሳየት ሁልጊዜ እዝነት አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ ያገኛችሁትን ሰው እንዴት ታቆዩታላችሁ የሚለው ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአይቲ ባለሙያ ግን ዛሬ ርቀቱ አንዲት የኢንተርኔት መስመር ናት። በዓመቷ እህታችን ከአዲስ አበባ እቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ቀረበላት፤ ደመወዙ ከእኛ ጋር አይነጻጸርም። ቀድማ መጥታ ነገረችን። «ከምንደነቅ ምን እናድርግ?» ብለን ጠየቅናት። የመድረሳውን ሥራ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንድትይዝ፣ ለቀሪው የጥገናው ልጅ ቀኑን እንዲጨምር ተስማማን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በራሷ ፈቃድ አድርጋለች። እያንዳንዱ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በደብተር ጽፋ፣ ፓስወርዶቹን በታሸገ ፖስታ ሐጂ ካዝና ውስጥ አስቀምጣለች። «ነገ ብሞት መድረሳው መቆለፍ የለበትም» አለች። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ያሰረ ይመስለዋል፤ የታሰረው ራሱ ነው። የየቲሞችና የወላጆች መረጃ ደግሞ አማና ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ በየፍላሹ የሚዞርበት ጊዜ ማብቃት አለበት።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ እንመለስ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ብዙዎቻችሁ ሰርተፍኬቱን ይዛችኋል፣ ማሻአላህ። ግን ሰርተፍኬት ያለው ሰው በዝቷል። ቀጣሪውን የሚያቆመው የሠራችሁት ነገር ነው። ሲቪያችሁ ላይ «የሥራ ጫና የምቋቋም» ከሚል ይልቅ «የአጎቴን ሱቅ የዱቤ መዝገብ በኤክሴል ሠርቻለሁ፤ መጥታችሁ እዩት» ይበል። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ ክሊኒክ፣ ሱቅ፣ መድረሳ ምን እንደቸገረው ጠይቁና አንዲት ትንሽ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ። ሙሳም ሥራ ፍለጋ አልነበረም ያጠጣው፤ የተቸገረ አይቶ ነው። ሥራው ግን እዚያው ተከትሎት መጣ።

በቴሌግራም «ለምዝገባ ይህን ያህል ብር ላኩ» ለሚል የሥራ ማስታወቂያ አንዲት ሳንቲም አትላኩ። እውነተኛ ቀጣሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ከሥራ ፈላጊ አይለምንም።

ከሁሉም በላይ «አላውቅም» ማለትን አትፍሩ። «አላውቅም፤ ግን እስከ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ» የሚል ሠራተኛ ከወርቅ ይበልጣል። ዓሊሞቻችንም ባላወቁት ነገር «አላውቅም» ከማለት አላፈሩም።

ስለዚያ ልጅ ሳንነግራችሁ አንጨርስም። ከአንድ ወር በኋላ እቤቱ ድረስ ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። «ዐፍው በለን፤ ያጠፋነው እኛ ነን፤ የማትችለውን ጭነንብህ ነው» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እኔም አላውቅም ማለት ነበረብኝ፣ ኡስታዝ» አለ። ዛሬ ሰኞ ገበያ አካባቢ የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ሽያጭ ላይ ይሠራል፤ ደንበኛ ይወደዋል፣ ሒሳቡ አይዛነፍም። ታማኝነቱ ቦታውን አገኘ። ፈጅርም ተመልሷል፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ ቀጣሪዎች፣ «ሰው የለም» ከማለታችሁ በፊት ሲቪውን የተየበው ማን እንደሆነ እዩ። ወጣቶች፣ ሥራችሁን ለሚያይ አሳዩ እንጂ በአንድ ማስታወቂያ ተስፋ አትቁረጡ፤ አብሽሩ። እኛም ከእንግዲህ ስለ አንድ ሰው «እናውቀዋለን» ከማለታችን በፊት «ምኑን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይክፈትላችሁ፤ ብርታትንም አማናንም ያጎናጽፈን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።